የኪራይ ድንኳንና አንዲት የተሳሳተች ቀን



ወደ ሠርግ ቤት ተጠርተን ስንሄድ ዐይናችን አስቀድሞ የሚያርፈው በሙሽሮቹ ላይ ነው። ከዚያም በኋላ የወጡን መልክ፣ የጠጁን ጥራት፣ የዘመድ አዝማዱን አለባበስ እንመለከታለን። የተቀመጥንበት ወንበርና በእጃችን የያዝነው ብርጭቆ ከወዴት እንደ መጣና ወዴት እንደሚመለስ የሚያስብ ሰው ግን ጥቂት ነው። እኔም እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ ከማያስቡት አንዱ ነበርሁ። በ2017 ዓ.ም. ሚያዝያ 25 ቀን፣ ቅዳሜ፣ ከአንዲት የድግስ ዕቃ አከራይ ጋራ ከጧት እስከ ማታ ስውል ያየሁት ነገር ይህን ሐሳቤን ለወጠው፤ ስለ ራሴም የማላውቀውን አንድ ነገር ገለጠልኝ። በዚህ ወር ዐምድ የማወራችሁ ይኸንኑ ነው።

አከራይዋ አበልጄ ናቸው፤ የበኵር ልጃቸውን ክርስትና ያነሣሁት እኔ ነኝ። ባለቤታቸው ካረፉ በኋላ በ50 የፕላስቲክ ወንበርና በ10 ደርዘን ብርጭቆ ሥራውን ጀመሩ። እነሆ 11 ዓመት ሆናቸው። ዛሬ በጉለሌ በሚገኘው ግቢያቸው ውስጥ አንዱ 200፣ ሌላው 80 ሰው የሚይዙ ሁለት ድንኳኖች፣ 300 ወንበር፣ 40 ጠረጴዛ፣ 400 ሳህን፣ 40 ደርዘን ብርጭቆ፣ 6 ጎላና አንድ ጀነሬተር አሏቸው። የመዝገቡ ጸሐፊ ያው የክርስትና ልጄ ነው። ዕድሜው 19 ዓመት ነው፤ ማታ ይማራል፣ ቀን እናቱን ይረዳል። አበልጄ ብዙ ጊዜ፣ «እርስዎ የሚያውቁት የሠርጉን ምሳ ነው፤ አንድ ቅዳሜ መጥተው ዋዜማውን ይዩ» ይሉኝ ነበርና፣ ትምህርት በሌለበት በዚያ ቀን ሄድሁ።

በልጅነታችን በገጠር ሠርግ ሲቃረብ ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ዳስ ይጥል ነበር። ጐልማሳው ዕንጨትና ቅጠል ይቈርጣል፤ ባልቴቷ ጋኗን ታውሳለች፤ ሌላዋ ሰፌዷንና ሞሰቧን ትልካለች። ዕቃ ከዕቃ እንዳይለወጥም እያንዳንዷ በመቀመጫው ላይ ምልክት ታደርግበታለች። ኪራይ የሚባል ነገር አልነበረም፤ የዛሬው አዋሽ የነገው ተዋሽ ነውና ብድር በብድር ይመለስ ነበር። በከተማ ግን ለዳስ የሚሆን ቅጠል ከወዴት ይመጣል? ግቢው ጠባብ ነው፤ ጎረቤትም 200 ወንበር ሊያውስ አይችልም። እድሮች ድንኳንና ወንበር አሏቸው፤ ነገር ግን ዕቃቸው ከሁሉ አስቀድሞ ለለቅሶ የተዘጋጀ ነው። እንግዲህ ጎረቤቱ ሊያውስ ያልቻለውን የሚያቀርብ ሰው በማስፈለጉ የድግስ ዕቃ ማከራየት ራሱን የቻለ ሥራ ሆነ።

እኔም አንድ ቀን በጨዋታ፣ «አበልጅ፣ የሰው ወርቅ አያደምቅ ይባል የለምን? ሰውን በሰው ዕቃ የሚያስደግሱት እርስዎ አይደሉምን?» ብላቸው፣ «ወርቅ አላከራይም፤ የማከራየው መቀመጫ ነው። ለአንድ ቀን ብሎ 200 ወንበር የሚገዛ ሰው በማግስቱ በምን ላይ ሊተኛ ነው?» ብለው መለሱልኝ። ተሸነፍሁ።

ይህ ሥራ የሚመራው በአጽዋማትና በበዓላት ነው። በጾም ወራት ተክሊል አይፈጸምምና፣ ኅዳር 15 ቀን ጾመ ነቢያት ሲገባ ትልቁ ድንኳን ያርፋል። ከጥምቀት በኋላ ሠርጉ ይጐርፋል፤ ዐቢይ ጾም ሲገባ እንደ ገና ይቆማል። ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው እንደሚያውቀው፣ ዐቢይ ጾም ቢቀድም የካቲት 1፣ ቢዘገይ መጋቢት 5 ቀን ይገባል። ስለዚህ ከጥምቀት እስከ ጾሙ መግቢያ ያለው ጊዜ በአንዱ ዓመት 20 ቀን ብቻ ሲሆን፣ በሌላው ዓመት እስከ 54 ቀን ይደርሳል። ለእኛ የቍጥር ትምህርት የሆነው ነገር ለአበልጄ የዓመት እንጀራ ነው። በ2017 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም የካቲት 17 ቀን ገባ፤ ትንሣኤም ሚያዝያ 12 ቀን ዋለ። ከዚያ ወዲህ እስከ ጰራቅሊጦስ፣ ማለት እስከ ሰኔ 1 ቀን፣ ረቡዕና ዓርብ እንኳ የማይጾምበት በዓለ ኀምሳ ስለ ሆነ የሠርጉ ጥሪ ተደራረበ።

በ55ቱ የጾም ቀናትም ቢሆን ሥራ አይፈታም። ክርስትናና ተዝካር በጾምም ስለሚደርስ ሳህኑና ወንበሩ ይወጣል። ትልቁ ድንኳን ግን በዚያ ጊዜ ይታጠባል፣ ይደርቃል፣ የተቀደደው ይሰፋል፤ የወንበሩ እግር ይፈተሻል፤ የጎላው ጥላሸት ይፋቃል። የሠርጉ ወራት ገቢ የጾሙን ወራት ወጪ መሸፈን አለበትና፣ በዚህ ንግድ ውስጥ አንድ እሑድ ባከነ ማለት ቀላል ነገር አይደለም።

በዚያ ቅዳሜ ጧት 12 ሰዓት ላይ ስደርስ አይሱዙው በበሩ ቆሞ ነበር። ትልቁ ድንኳን በማግስቱ ለሚደረግ ሠርግ ወደ አዲሱ ገበያ ሊሄድ ነው። እኔ ዕቃ መጫን ማለት አንሥቶ መወርወር ይመስለኝ ነበር። ነገሩ ሌላ ነው። ወንበሩ ዐሥር ዐሥር ሆኖ ይደረደራል፤ ከደጋሹ ቤት የመጣው ተረካቢ በጐን ቆሞ ይቈጥራል፣ የክርስትና ልጄም ይጽፋል፤ በመጨረሻ ሁለቱም ይፈርማሉ። ብርጭቆው በየደርዘኑ ሲወጣ አበልጄ እያንዳንዱን በጥፍራቸው መታ ያደርጉታል። ጤነኛው ይጮኻል፤ የተሰነጠቀው ደንቈሮ ድምፅ ይሰጣል። የተሰነጠቀውን አውጥተው ለብቻው ያስቀምጣሉ፤ «ይህ በሙሽራ እጅ ላይ ከሚሰበር በእኔ ቤት ይሰበር» ይላሉ።

ከሁሉ ይልቅ የተጠነቀቁት ለካስማዎቹ ነው። ሸራው ትልቅ ስለ ሆነ የሚጠፋ አይደለም፤ ምሰሶውም እንዲሁ። ካስማ ግን በጭቃ ውስጥ ተቀብራ ትቀራለች፣ ሕፃን አንሥቶ ይጫወትባታል። «አንዲት ካስማ ስትጐድል አንድ አውታር ይላላል፤ አንድ አውታር ሲላላ ነፋስ በር አገኘ ማለት ነው» አሉኝ። ስለዚህ ካስማ በከረጢት ትቈጠራለች፣ በከረጢትም ትመለሳለች። ሌላም ሕግ አላቸው፤ ርጥብ ድንኳን ተጠቅልሎ አያድርም። አንድ ሌሊት ርጥብ ሆኖ ካደረ ሻጋታ ይይዘዋል፤ ሻጋታውም ሸራውን ይበላዋል፣ ሽታውም ከወጥ ሽታ ጋራ ይጣላል።

ልክ 2 ሰዓት ሲሆን፣ ጭነቱ አልቆ መኪናው ሊነሣ ሲል፣ ጋቢ የለበሱ አንድ ሽማግሌ ወደ ግቢው ገቡ።

«እሜቴ፣ እንደምን አደሩ። ድንኳኑ በስንት ሰዓት ይመጣልናል? ቦታውን ከትናንት ጀምረን አስጠርገናል» አሉ።

«የትኛው ድንኳን ጋሼ?»

«የነገው ነዋ፤ የፈረንሳይ ለጋሲዮኑ። የሙሽራዪቱ ወንድም ከዋሺንግተን በስልክ የተዋዋለው፣ ቀብዱንም በጾሙ ውስጥ የላከው።»

አበልጄ ፊታቸው አልተለወጠም። መዝገቡን አስመጡ። በመዝገቡ ላይ ስሙም፣ ቀብዱም፣ ቦታውም፣ የተጋባዡ ቍጥር 180 መሆኑም በጥሩ የእጅ ጽሕፈት ሰፍሯል። ቀኑ ግን «ግንቦት 4» ይላል። ሽማግሌው ከኪሳቸው ስልክ አውጥተው ወንድምየው የላከውን መልእክት አሳዩን። «ሜይ 4» ይላል።

የክርስትና ልጄ ከተቀመጠበት ተነሣ። «ሜይ ማለት ግንቦት አይደለምን? ከአራተኛ ክፍል ጀምሮ የተማርነው እንዲህ ነው» አለ። ይህን ሲል ወደ እኔ አልተመለከተም። እናቱ ግን ተመለከቱኝ፤ ምንም አልተናገሩም። ልጁን በአራተኛ ክፍል ያስተማርሁት እኔ ነኝ። በየዓመቱ የወራቱን ስም በሰሌዳ ላይ በሁለት ረድፍ እጽፋለሁ፤ ጃንዋሪ ጥር፣ ፌብሩዋሪ የካቲት፣ እያልሁ እወርድና «ሜይ» ከሚለው ፊት ለፊት «ግንቦት» ብዬ አስቀምጣለሁ። ልጆቹም በዜማ ይደግሙታል።

አንባብያን ሆይ፣ ስሕተቱ የት ላይ እንዳለ ልብ በሉ። በአውሮፓ አቈጣጠር ሜይ 1 ቀን ስትገባ በእኛ ዘንድ ገና ሚያዝያ 23 ቀን ነው። ግንቦት 1 ቀን የምትውለው ሜይ 9 ቀን ነው። ስለዚህ ከሜይ 31 ቀኖች የመጀመሪያዎቹ 8ቱ የሚያዝያ ናቸው፤ ሜይ 4 ቀንም ሚያዝያ 26 ቀን ሆነች ማለት ነው። ይህን ለማወቅ ትልቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። የአርበኞች የድል በዓል የሚከበረው ሚያዝያ 27 ቀን ነው፤ ያችም ዕለት በአውሮፓ ሜይ 5 ቀን ናት። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባ የገቡባትን ይህችን ዕለት በሁለቱም አቈጣጠር ለተማሪዎቼ አስተምራለሁ። በአንድ አፌ ሜይ 5 ሚያዝያ 27 ነው እላለሁ፤ በዚያው አፌ ሜይ ማለት ግንቦት ነው እላለሁ። ባሕረ ሐሳብ ተምሬአለሁ ብዬ የምመካ ሰው ይህን ሁሉ ዘመን ሳላስተውለው ኖርሁ።

በዚያች ሰዓት «ጥፋቱ የእኔ ነው» ማለት ይገባኝ ነበር። አላልሁም። በእንግዳ ሰው ፊት መምህር ተሳሳተ መባል ከበደኝ። ዝም አልሁ፤ ዝምታዬንም እስከ ማታ ተሸክሜው ዋልሁ።

ሽማግሌው በበሩ የቆመውን መኪና አዩ። «ይኸ የተጫነው ድንኳን አይደለምን? ይህን ውሰዱልን። ልጃችን ከውጭ አገር የመጣ ነው፤ እጥፍም ቢሆን ይከፍላል» አሉ። የአዲሱ ገበያው ተረካቢ የፈረመበትን ወረቀት በእጁ እንደ ያዘ በጐናቸው ቆሞ ነበር። ቃል አልተነፈሰም፤ ወረቀቱን ግን ሲያጣጥፈው እጁ ሲንቀጠቀጥ አየሁ።

አበልጄ እንዲህ አሉ፤ «ጋሼ፣ ይህ ድንኳን ከጥር ወር ጀምሮ የእኝህ ሰው ነው። ዛሬ ለእርስዎ ብዬ ከእርሳቸው ብነጥቅ፣ ነገ ለሌላው ብዬ ከእርስዎ መንጠቄ አይቀርም። የተሳሳተው የእኔ መዝገብ ነው። ዛሬ ሳይመሽ ድንኳን ይዤ ከደጅዎ እደርሳለሁ።» ከዚያም ወደ ሾፌሩ ዞረው፣ «ንዳው» አሉት። መኪናው ሄደ።

ሽማግሌው ከወጡ በኋላ፣ «አበልጅ፣ ድንኳኑን ከየት ሊያመጡት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። «እርሱን ገና አላወቅሁትም። እስኪ ነጠላዬን ልልበስ» አሉኝ። ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ የሚለው ተረት ለካ በባለ ድግሱ ላይ ብቻ የተተረተ አይደለም!

አስቀድመን የሄድነው ወደ ሰፈሩ እድር ዳኛ ነው። እኝህ ሰው በሰላምታ ተቀብለው ነገሩን ሁሉ ሰሙና፣ «እቴ፣ የእድሩ ድንኳን ባዶውን ተቀምጧል፤ መስጠቱ ለእኔ ቀላል ነበር። ነገር ግን በአባሎቻችን ቤት ሕመም የጠናባቸው ሁለት ሰዎች አሉ። ዛሬ ሌሊት ጡሩንባ ቢነፋ፣ ወይ ሙሽራዪቱን ከጥላ ሥር አስነሥቼ እነቅላለሁ፣ ወይ ሐዘንተኛውን ፀሓይ ላይ አስቀምጣለሁ። ሁለቱንም ለማድረግ ሥልጣን የለኝም» አሉ። አበልጄ አልተከራከሩም። ወንበርና ሳህን ቢጐድላቸው እንደሚያውሷቸው ዳኛው ቃል ገብተውላቸው ወጣን።

ከዚያም ለሁለት ሌሎች አከራዮች ስልክ ደወሉ። የበዓለ ኀምሳ ቅዳሜ ነውና የሁለቱም ድንኳኖች ወጥተዋል። የቀረ አንድ ሰው ነበር። ከዚህ ሰው ጋራ ግን ከጥር ወር ጀምሮ በአንድ ደንበኛ ምክንያት ተቀያይመው፣ በመንገድ ሲገናኙ እንኳ ሰላምታ አቋርጠው ነበር። አበልጄ በመንገዱ ዳር ጥቂት ቆሙ። ኋላም፣ «ኵራቴ ለአንዲት ሙሽራ ጥላ አይሆናትም» ብለው ወደ ቤቱ መንገድ ጀመሩ።

ሰውየው በመጋዘኑ በር ላይ ወንበር ሲጠግን አገኘነው። አበልጄ ስለ ጥሩ ነገር ብዙ አላወሩም፤ ስሕተታቸውን እንደ ሆነው ነገሩት። ሰውየው መዶሻውን አስቀመጠ። «ድንኳን አለኝ፤ 200 ሰው ይይዛል። ነገር ግን ከክረምቱ ወዲህ አልተዘረጋም፤ ዐይጥ ሳይነካው አልቀረም» አለ። አበልጄም፣ «እኔ እጠግነዋለሁ። ዋጋውን ይንገሩኝ፤ እጥፍ ቢሉኝም ዛሬ እከፍላለሁ» አሉት። ሰውየው ጥቂት አሰበና፣ «የድንኳኑ ዋጋ ያው የድሮው ዋጋ ነው። መዝገብ ያለው ሰው ሁሉ አንድ ቀን ይሳሳታል» ብሎ ቍልፉን አወጣ። ስለ ጥሩ ጠብ ማንም ምንም አላነሣም። ስንወጣ ግን፣ «ቡና ሳትጠጡ?» ሲል ሰማሁት፤ አበልጄም፣ «ሰኞ መጥቼ እጠጣለሁ» አሉት።

ድንኳኑ በአበልጄ ግቢ ሲዘረጋ 5 ሰዓት ሆኖ ነበር። ዐይጥ የበላው 7 ቦታ ላይ ነው፤ አንዱ ቀዳዳ አንድ ክንድ ያህል ይረዝማል። ከአረጀ ድንኳን የተረፈ ሸራ ነበራቸውና ከዚያ ቈረጡ። እያንዳንዱ ጥጋኝ ከቀዳዳው በአራት ጣት ይሰፋል፤ ሲባጎው በሰም ይታሻል፣ በወስፌ ይበሳል፣ ዙሪያው ሁለት ጊዜ ይሰፋል። ሰሙ ውሃ በስፌቱ ቀዳዳ እንዳይገባ ያግዳል። አበልጄና ሁለት ሠራተኞች ሰፉ፤ እኔና የክርስትና ልጄ ሸራውን ወጥረን ያዝን። ልጁ በዚያ ሁሉ ሰዓት ራሱን ቀና አላደረገም። አንድ ጊዜ ውሃ ባመጣለት እንኳ «እግዜር ይስጥልኝ መምህር» ብሎ ብቻ ዝም አለ።

9 ሰዓት ላይ የበልጉ ዝናም መጣ። እኔ ደንግጬ ሸራውን ልጠቀልል ስል አበልጄ ከለከሉኝ። «ተዉት፤ ነገ በሙሽራዪቱ ላይ ከሚፈትነን ዛሬ በእኛ ላይ ይፈትነን» አሉ። አራት ሰዎች ማዕዘኑን ከፍ አድርገው ያዙ፤ እርሳቸው ከሥር ገብተው ጥጋኞቹን አንድ በአንድ በእጃቸው ዳሰሱ። ከ7ቱ አንዱ አንጠባጠበ። ዝናሙ ሲያባራ እርሱን ፈትተው እንደ ገና ሰፉት። ርጥብ ድንኳን እንዳይጠቀለል የሚከለክለው ሕጋቸውም በዚያ ቀን አልፈረሰም፤ ተጠቅልሎ የቈየው እስከ ፈረንሳይ ለጋሲዮን ድረስ ለመንገዱ ያህል ነው።

ከደጋሾቹ ቤት የደረስነው 12 ሰዓት ሲያልፍ ነው። ምሰሶው ቆመ፣ አውታሩ ተወጠረ፣ ካስማው በየተራ ተመታ። ብርሃን ሲጠፋ ሾፌሩ የመኪናውን መብራት አበራልን። በጓሮ ሴቶቹ ሽንኵርት ያቍላሉ፤ እልልታም ከቤት ውስጥ ይሰማ ነበር። ሙሽራዪቱ አንድ ጊዜ ወደ በሩ ብቅ ብላ ድንኳኑን አይታ ተመለሰች። ስለ ሜይና ስለ ግንቦት፣ ስለ ዐይጡና ስለ ሰሙ ምንም የምታውቀው ነገር አልነበረም። እንዳታውቅም ነበር ያን ሁሉ የደከምነው።

ሽማግሌው በፋኖስ ጥጋኞቹን ተመለከቱ። «እሜቴ፣ ይህን ሁሉ ድካም ያመጣብን ማን ነው? የእኛ ልጅ በፈረንጅ ቀን በመናገሩ ነው ወይስ የእርስዎ ልጅ በመጻፉ?» ብለው ጠየቁ። አበልጄም፣ «ጋሼ፣ ውሉ የተዋዋለው ከእኔ ጋራ ነው» አሉ፤ ሌላ ቃል አልጨመሩም።

ወደ ቤት ስንመለስ 4 ሰዓት ሊሆን ምንም አልቀረው። እኔ ከዚህ በላይ መሸከም አልቻልሁምና፣ «አበልጅ፣ የጧቱ ስሕተት ከእኔ ሰሌዳ የወጣ ነው። በሽማግሌው ፊት መናገር ነበረብኝ፤ አፈርሁና ዝም አልሁ» አልኋቸው።

«ጧት ሲያዩኝ አውቄዋለሁ» አሉኝ። «በዚያን ሰዓት ቢናገሩ ለእኔ ድንኳን አያመጣልኝም ነበርና አልጠየቅሁዎትም። ልጁ ግን ቀኑን ሙሉ ጥፋቱን ለብቻው ተሸክሞት ውሏል። ለእርሱ ይንገሩት።»

የክርስትና ልጄ በመጋዘኑ ውስጥ የተረፈውን ገመድ ይጠቀልል ነበር። ነገርሁት። እጁን አላቋረጠም፤ ጥቂት ቈይቶ ግን፣ «መምህር፣ እኔም መጠየቅ ነበረብኝ። ግንቦት 4 ሰኞ ነበር። ለቅልቅል ይሆናል ብዬ ገመትሁ» አለኝ። ይህን ሲል ከጧት ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

የዚያ እሑድ ሒሳብ እንዲህ ሆነ። ከፈረንሳይ ለጋሲዮኑ ሠርግ የተገኘው ገንዘብ ለተከራዩት ድንኳን፣ ለሠራተኞች የማታ ዋጋና ለመኪናው አለቀ፤ ለአበልጄ የተረፈ ትርፍ አልነበረም። ሰኞ የድል በዓል ነበርና ትምህርት ቤት ስላልነበረ ርክክቡን ለማየት ሄድሁ። ከወጣው 15 ደርዘን፣ ማለት ከ180 ብርጭቆ፣ ቈጠራው ገና ሳይጀመር ሽማግሌው፣ «3 ብርጭቆ ሰብረናል» ብለው ዋጋውን አስቀመጡ። ሲቈጠርም 177 ሆነ። ካስማዎቹ በከረጢታቸው ሙሉ ነበሩ። አበልጄም ድንኳኑን ፀሓይ ላይ አድርቀው፣ ከ7 ጥጋኝ ጋራ ለባለቤቱ መለሱ፤ ቡናውንም ጠጥተው መጡ።

በዚያው ሳምንት የክርስትና ልጄ አዲስ መዝገብ አሰመረ። በመዝገቡ ላይ የእኛ ቀን በአንድ ዐምድ፣ የአውሮፓው በሌላ ዐምድ፣ የዕለቱ ስም በሦስተኛው ዐምድ ይጻፋል። ሦስቱ ካልተስማሙ ቀብድ አይቀበሉም። እኔም ማክሰኞ ክፍል ስገባ የወራቱን ሰሌዳ ደምስሼ እንደ ገና ጻፍሁት፤ «ሜይ» ከሚለው ፊት ለፊት «ከሚያዝያ 23 እስከ ግንቦት 23» የሚል አለበት። ተማሪዎቹ እንደ ቀድሞው በዜማ ሊደግሙት ቢሞክሩ ዜማው እንቢ አላቸው። አንዱ፣ «መምህር፣ የድሮው ይቀል ነበር» አለኝ። እርግጥ ነው፤ ይቀል ነበር።

እንግዲህ በመጪዎቹ የሠርግ ወራት የምትደግሱ ቤተ ሰቦች፣ ከዚህ የምትወስዱት ጥቂት ምክር ይኑር። ከውጭ አገር ዘመድ ጋራ ቀን ስትቈርጡ በሁለቱም አቈጣጠር ተነጋገሩ፤ የዕለቱንም ስም፣ እሑድ ወይም ቅዳሜ ብላችሁ ጥሩ። ሰዓቱንም እንዲሁ፤ እነርሱ 8 ሰዓት ጧት የሚሉት የእኛ 2 ሰዓት ነውና። ውሉን ካደረጋችሁ በኋላ አንድ ሳምንት ሲቀር ደውላችሁ ቀኑን ድገሙት። ዕቃ ስትረከቡ ከቤታችሁ አንድ ሰው ቆሞ ይቍጠር፤ ሲመለስም ያው ሰው ይቍጠር። የሰበራችሁትን ሳትጠየቁ ተናገሩ። ድንኳኑ ከተነቀለ በኋላም ልጆቻችሁን በመስኩ ላይ አንድ ጊዜ አሰማሩና የቀሩትን ካስማዎች አስለቅሙ፤ ከእናንተ በኋላ በዚያ ድንኳን ሥር የሚቀመጥ ሌላ ሙሽራ አለ።

መምህራን ወንድሞቼና እኅቶቼ ደግሞ፣ በየሰሌዳችን ላይ ከልጅነታችን ጀምሮ ሳንመረምረው የምንጽፈው ነገር ካለ፣ አንድ ጊዜ ቆም ብለን እንየው። ማን በየትኛው እሑድ እንደሚከፍልበት አናውቅምና።

በሚመጣው ወር በደኅና ያገናኘን።